ቀዝቃዛ ሻወር፣ የደም ግፊት እና ያልተዋጠው ክኒን

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 46 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ቢሮ መቀመጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የደም ግፊት እንዳለብኝ ተነግሮኝ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን እወስድ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ጀምሬ ሰውነቴ ቀሎኛል፣ አእምሮዬም ነቅቷል። ቀዝቃዛ ሻወር የደም ግፊትን ያወርዳል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያጠነክራል፣ ስብ ያቃጥላል ሲባል ስለሰማሁ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ክኒኑን ትቼዋለሁ። ሐሙስ ስለካ 128 በ82 ሆኖ አገኘሁት። ትክክል አድርጌያለሁ? እናቴ ‹ብርድ ይመታሃል› እያሉ ይቆጣሉ። የ71 ዓመቱ አባቴ ደግሞ እኔን አይተው ሊጀምሩ ነው።»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከሁሉ በፊት ክኒንዎን ዛሬውኑ፣ በታዘዘልዎት መጠን ይጀምሩ። የቀረውን አንብበው ለመጨረስ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ይህችን አንድ ነገር አድርገው ካደሩ ለእኔ በቂ ነው። ቀዝቃዛ ሻወሩን ለዘለቄታው ይተዉት አልልዎትም። ጠዋት የሚሰማዎት ቅለት እውነተኛ ነው፤ ከየት እንደሚመጣም ይታወቃል። የሚያሳስበኝ ክኒኑ የሠራውን ሥራ ለውሃው መስጠትዎ ነው።

የሐሙሱን ልኬት እንመልከት። አምሎዲፒን ከሰውነት በዝግታ ከሚወጡ መድኃኒቶች አንዱ ነው። በደም ውስጥ ካለው መጠን ግማሹ እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ ከቀረው ላይ ደግሞ ግማሹ እስኪወጣ ሌላ ይህን ያህል ሰዓት። የመጨረሻውን ክኒን የዋጡት እሑድ ከሆነ፣ ሐሙስ መለኪያው ክንድዎ ላይ ሲጠመጠም መድኃኒቱ ገና ሥራውን አልጨረሰም ነበር። ግፊቱ ተመልሶ የሚወጣውም በአንድ ሌሊት አይደለም። በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት፣ ምንም ሳያምም ቀስ እያለ ይወጣል። በዚህ መሃል ሰውየው በየጠዋቱ እየታጠበ፣ እየነቃና እየተደሰተ «ድኛለሁ» ብሎ ይሰነብታል። 128 በ82 የምትለዋ ቁጥር ቆንጆ ናት፤ የውሃው ናት ለማለት የሚያበቃ ግን አንድም ነገር የለም።

ይህን ስል ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ተመሳሳይ ታሪክ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በቀዝቃዛው ውሃ ቦታ አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ይገባል፣ አንዳንዴ ሽፈራው፣ አንዳንዴ ጥቁር አዝሙድ። ሃምሳ ዓመት ገና የደፈኑ አንድ መምህር ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ንግግራቸው ተሳስሮ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ባለቤታቸው የነገሩኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አይጠፋም፦ «ክኒኑን ካቆሙ ሁለት ወራቸው ነው፤ እንደዚህ ሰሞን ደህና ሆነው አያውቁም ነበር።» ደህና መስሎ መሰንበት የዚህ በሽታ ዋና ጠባዩ ነው።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆዳችን ላይ ቅዝቃዜን የሚጠብቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ናና ሲታኘክ አፍ ውስጥ የሚሰማው ብርድ የእነርሱ ሥራ ነው። በናናው ውስጥ ያለው ሜንቶል ለቅዝቃዜ የተሠራውን በር ሲከፍተው አንጎል ብርድ የገባ ይመስለዋል። ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ይህን በር ለየብቻቸው የለዩት በዚሁ በሜንቶል ነበር፤ ሙቀትንና ንክኪን እንዴት እንደምንለይ በማሳየታቸውም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ትከሻዎ ላይ ሲወርድ እነዚህ በሮች በአንድ ጊዜ በብዛት ይከፈታሉ። ውሃ ደግሞ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ስለሚወስድ፣ 15 ዲግሪ አየር ውስጥ በሸሚዝ የሚቆም ሰው 15 ዲግሪ ውሃ ሲነካው ይዘላል።

ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሙቀቱን ወደ ውስጥ መሰብሰብ ነው። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ ደረትና ሆድ ይሸሻል፣ ልብ ይፈጥናል፣ በጠበበው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊትም ይወጣል። አዎን፣ ይወጣል። እንዲያውም ሐኪሞች ከ1930ዎቹ ጀምሮ የአንድ ሰው ደም ሥሮች ለጭንቅ እንዴት እንደሚመልሱ ለማየት እጁን በረዶ የተጨመረበት ውሃ ውስጥ አስገብተው ግፊቱን ይለካሉ። ግፊትን ለማስነሳት የምንጠቀምበት መሣሪያ ራሱ ቅዝቃዜ ነው። ከሻወሩ ወጥተው ሲደርቁና ሲለብሱ ደም ሥሮቹ ይለቃሉ፣ ግፊቱም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለጤነኛ ሰው ይህ መውጣትና መውረድ ጉዳት የለውም። ክኒኑን ላቆመና ግፊቱ በስውር እየወጣ ላለ ሰው ግን በሞላ ማድጋ ላይ ውሃ መጨመር ነው።

ከሁሉም በላይ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ልብ ይበሉ። ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲወርድ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ከዚያ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ይህ ምላሽ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ከፍ ብሎ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይረግባል። ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ ዘለው የሚገቡ ዋናተኞችን ብዙ ጊዜ የሚገድለውም ይኸው ነው፤ ሰውነታቸው ከመቀዝቀዙ በፊት ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ውሃ ይዞ ይገባል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የመስጠም ስጋት ባይኖርም ልብ የሚሰማው ድንጋጤ ተመሳሳይ ነው። ደስ የሚለው ሰውነት ቶሎ መላመዱ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ለአጭር ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በገቡ ሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ድንጋጤው በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ልምዱም ለወራት አብሯቸው ቆይቷል። እርስዎም በሦስተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የቀለለዎት ለዚህ ነው። ቆዳዎ ብርዱን ለምዷል፤ የደም ግፊትዎ ስለመዳኑ ግን ይህ ምንም አይናገርም።

ታዲያ ያ ንቃት ከየት መጣ? ያው ድንጋጤ ኖራድሬናሊን የተባለውን የሚያነቃ ንጥረ ነገር ስለሚያፈስ ነው። በ2000 የታተመ የቼክ ተመራማሪዎች ጥናት ወጣት ወንዶችን ከአንገት በታች 14 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አስቀምጦ ሲለካ ኖራድሬናሊን በ530 በመቶ፣ ዶፓሚን ደግሞ በ250 በመቶ ጨምሮ አግኝቷል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዛሬ በየቪዲዮው ይጠቀሳሉ፤ «ለአንድ ሰዓት» የሚለው ግን ሁልጊዜ ይዘለላል። የአንድ ደቂቃ ሻወር ያንን ያህል ያመጣል ብሎ ማሰብ የአንድ ቀን ጾምን ከሁዳዴ ጋር እንደማስተካከል ነው። ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ በ2023 የታተመው ጥናት ነው። 33 ጤነኛ ሰዎች 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ብቻ ተቀምጠው ሲወጡ ይበልጥ ንቁና ትኩረታቸው የተሰበሰበ ሆነው፣ ጭንቀታቸውም ቀንሶ ተገኝተዋል። 20 ዲግሪ በረዶ አይደለም። ከአዲስ አበባ ቧንቧ በብዙ ቀን የሚወርደው ውሃ ከዚያ ይልቅ ይቀዘቅዛል። የሚሰማዎት ነገር እውነት ነው ያልኩት ከዚህ ተነስቼ ነው። ሆኖም ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተለካውም ከውሃው እንደወጡ የነበረው ስሜት ነው። ከድብርት ወይም ከጭንቀት ሕመም ጋር የሚታገል ሰው ሕክምናውን በሻወር እንዲተካ የሚያበቃ ማስረጃ የለንም።

በሽታ የመከላከል አቅምን በተመለከተ ብዙ ይወራል፤ ወሬው ከሞላ ጎደል ከአንድ ጥናት ይቀዳል። ጥሩ ጥናት ስለሆነ በደንብ ልንገርዎት። በኔዘርላንድስ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆኑ 3,018 ፈቃደኞች በዕጣ ተከፋፍለው፣ አንዳንዶቹ እንደ ልማዳቸው ሲታጠቡ ሌሎቹ ለ30 ቀናት ሞቅ ባለ ውሃ ታጥበው በመጨረሻ ለ30፣ ለ60 ወይም ለ90 ሰከንድ ቀዝቃዛውን እንዲለቁ ተደረገ። ውጤቱ በ2016 ሲታተም ቀዝቃዛውን የለቀቁት በሕመም ምክንያት ከሥራ መቅረታቸው በ29 በመቶ ቀንሶ ነበር። ይህ ብዙ ነው። ቀጥሎ ያለው መስመር ግን አይጠቀስም፦ ታምመው ያሳለፉት ቀን ቁጥር አልቀነሰም። ጉንፋኑ እንደ ሌላው ሰው ያዛቸው፤ ይዟቸውም ሥራ ገቡ።

ይህን ግኝት ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እኔ የምረዳው ቀዝቃዛው ውሃ ቫይረሱን ሳይሆን አልጋ ላይ የሚያስቀረውን መዛል እንዳቀለለላቸው ነው። ምናልባት የኖራድሬናሊኑ ጉልበት ነው፤ ምናልባትም በየጠዋቱ አንድ ከባድ ነገር የሚያደርግ ሰው ራሱን «ብርቱ ነኝ» ብሎ ስለሚያይ ነው። ተሳታፊዎቹ በምን ውሃ እንደሚታጠቡ ያውቁ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃን ሙቅ አስመስሎ መስጠት አይቻልምና ሁለቱን መለየት ይቸግራል። ከዚሁ ጥናት ለእርስዎ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ 30 ሰከንድም 90 ሰከንድም ውጤታቸው አንድ ነበር፤ ስለዚህ ጥርስ እስኪንገጫገጭ መቆም ትርፍ የለውም። ሁለተኛ፣ ከባድ ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከመጀመሪያው አልተካተቱም። ሦስተኛ፣ ሻወሩ ምንም ይሁን ምን አዘውትረው የአካል እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ሰዎች ከሥራ መቅረታቸው በ35 በመቶ ያነሰ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከሁሉም ይበልጣል። ፈጠን ብሎ መራመድ የደም ግፊትን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል፤ ለቀዝቃዛ ሻወር እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። ከቢሮ ሲወጡ ሁለት ፌርማታ ቀድመው ከታክሲ ቢወርዱ ከማንኛውም ሻወር የበለጠ ግፊትዎን ይረዱታል።

ስብ ማቃጠልን በአጭሩ ልለፈው። በአዋቂዎች አንገትና ትከሻ አካባቢ ሙቀት ለማመንጨት ስብ የሚያነድ ቡናማ ስብ መኖሩ በ2009 በግልጽ ታይቷል፤ ቅዝቃዜም ያነሳሳዋል። ነገር ግን በአንድ ደቂቃ ሻወር የሚነደው ጉልበት ከአንድ ጉርሻ አይበልጥም። ቦርጭ በዚህ አይጠፋም። የፊት ቀዳዳን ይዘጋል የሚባለውም የቆዳ ቀዳዳ እንደ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ ስለሌለው እውነት አይደለም። በጣም ሙቅ ውሃ የቆዳን ቅባት አጥቦ ስለሚያደርቅ፣ ቆዳው ደረቅ የሆነ ሰው ውሃውን ለብ ቢያደርገው መጠቀሙ ግን እውነት ነው። ጂም የሚሄዱ ወዳጆች ካሉዎት ደግሞ ይህን ይንገሯቸው፦ ከስፖርት በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መቀመጥ የጡንቻ ሕመምን ያስታግሳል፤ በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ግን ክብደት ባነሱ ቁጥር 10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ የተቀመጡ ወንዶች ከ12 ሳምንት በኋላ የገነቡት ጡንቻ ካልተቀመጡት ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ጡንቻ ለማሳደግ የሚደክም ሰው ብረት አንስቶ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል።

እናትዎን በሚመለከት፣ እባክዎን አይሳቁባቸው። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ እንጂ ከብርድ አይደለም የሚለውን ሁላችንም ተምረናል፤ ትክክልም ነው። ሆኖም በ2005 ካርዲፍ ከተማ ውስጥ 90 ሰዎች እግራቸውን 10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ነክረው፣ ሌሎች 90 ደግሞ ባዶ ሳፋ ውስጥ አስገብተው ነበር። በቀጣዮቹ አራት አምስት ቀናት እግራቸው ከቀዘቀዘው 13ቱ፣ ካልቀዘቀዘው ደግሞ 5ቱ ጉንፋን ይዞናል አሉ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰቡት ብርድ ሲሰማን የአፍንጫ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ቀድሞ በስውር የገባው ቫይረስም ዕድል ያገኛል። አንድ ትንሽ ጥናት ነው፤ «ብርድ መታኝ» የሚለው የአበው አነጋገር ግን ባዶ እንዳልሆነ ያሳያል። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ይመስለኛል። 20 ደቂቃ መቀዝቀዝና 30 ሰከንድ ቀዝቅዞ ወዲያው ደርቆ መልበስ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ፀጉርዎ ሳይደርቅ፣ በነጠላ ጫማ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አይበሉ። ሲያተኩስዎት፣ ሲያስልዎትም ቀዝቃዛውን ይተዉት። እናትዎ በዚህ ይስማማሉ ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ ለዚህ ነገር ምቹም አስቸጋሪም ከተማ ናት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሌሊቱን ብርድ ሲጠጣ አድሮ ንጋት ላይ ከእኩለ ቀኑ በጣም የተለየ ውሃ ይሰጣል። በግንቦት የለመዱት ሻወር በታኅሣሥ ሌላ ሻወር ነው ማለት ነው። በተቃራኒው ሠመራ ወይም ጋምቤላ ላለ ሰው ከቧንቧ የሚመጣው «ቀዝቃዛ» ውሃ እዚህ ግባ የሚባል ቅዝቃዜ የለውም። ዱባይ ወይም ሪያድ ያሉ ወገኖቻችንማ በበጋ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ስለሚፈላ ቤት ውስጥ ያለውን ቦይለር አጥፍተው የቦይለሩን ውሃ እንደ ቀዝቃዛ ይጠቀሙበታል። «ቀዝቃዛ ሻወር» ብለን ስንነጋገር ስለ አንድ ነገር የምናወራ ይመስለናል እንጂ የሰመራውና የእንጦጦው ሰው የሚያደርጉት የተለያየ ነው።

እርስዎ እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ። ክኒኑን ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ለሁለት ሳምንት ውሃውን ለብ ያድርጉት። አምሎዲፒን በደም ውስጥ ተመልሶ ለመደላደል ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ነው። ከዚያ ለሰባት ቀናት ጠዋትና ማታ ግፊትዎን ይለኩ። ጠዋት ክኒን ከመዋጥዎ፣ ቡና ከመጠጣትዎና ከመታጠብዎ በፊት፣ ጀርባዎን አስደግፈው አምስት ደቂቃ በዝምታ ተቀምጠው፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ይጻፏቸው። ከሻወር በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት የተለካ ግፊት አያሳምንም፤ ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም ሊያታልል ይችላል። የሰባቱን ቀን ደብተር ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ቤት የለኩት ግፊትዎ ተረጋግቶ በአማካይ ከ135 በ85 በታች ከሆነና ልብዎ ሌላ ችግር ከሌለበት ሐኪምዎ ቀዝቃዛውን ይፈቅዱልዎታል ብዬ እገምታለሁ። በእንቅስቃሴ፣ ጨው በመቀነስና ክብደት በማውረድ ግፊቱ ለወራት ዝቅ ካለ የክኒኑን መጠን መቀነስም ይቻላል፤ ያንን ግን ከሐኪምዎ ጋር፣ እየለካችሁ ታደርጉታላችሁ።

ሲፈቀድልዎት መጀመሪያ ለብ ባለው ውሃ ይታጠቡ፣ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛውን ይክፈቱ። ከእግር ይጀምሩ፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ጭን፣ ከዚያ ትከሻና ጀርባ። ራስዎና ደረትዎ መጨረሻ ይሁኑ። ሻወር የሌለው ሰው በጆግ ከባልዲ እየቀዳ በዚሁ ቅደም ተከተል ቢያፈስ ያው ነው። ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ውሃው ሲነካዎት ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይተንፍሱ፣ ቢችሉ ያንጎራጉሩ፤ የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን ሊይዝ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ሰከንድ ይበቃል፣ ከዚያ 30። አልኮል ከጠጡ በኋላ፣ ሌሊት ሳይተኙ አድረውም ሆነ ከባድ ስፖርት ሠርተው ልብዎ እየመታ ሳለ አይሞክሩት። ማታ ለእንቅልፍ የሚጠቅመው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት በሙቅ ውሃ ለ10 ደቂቃ መታጠብ እንቅልፍ ቶሎ እንዲወስድ እንደሚረዳ በርካታ ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ በ2019 አሳይቷል።

ደረትዎን ቢጨንቅዎት፣ ልብዎ እየዘለለ ቢመታ፣ ዓይንዎ ቢጨልምብዎት ወይም ጣቶችዎ ነጭ ሆነው ቢደነዝዙ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ሐኪም ሳያይዎትም አይመለሱበት። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው ቆዳቸው ሳማ እንደለበለበው የሚያብጥና የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ። ይህ የቅዝቃዜ አለርጂ ነው፤ መላ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። አስም ያለበት ሰውም ደረቱ ሊጠብበት ይችላል። በአገራችን ደግሞ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚጎዳው በሽታ ብዙ ወጣቶችን ሳያውቁት ይዟቸው ይኖራል፤ ደረጃ ሲወጡ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወጣቶች ቀዝቃዛ ውሃን ከመሞከራቸው በፊት ልባቸው ይደመጥ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕሙማኖቼ ስለሚጠይቁኝ ነው። በንጋት ብርድ ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ናቸው። ስለ ጠበሉ በረከት የምናገረው የለኝም፤ እኔ የምናገረው ስለ ልባቸውና ስለ ክኒናቸው ነው። የልብ ወይም የግፊት ሕመም ያለበት ሰው ወደ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ በሰዓቱም ይውሰድ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያ ምክር ስንቱን ከሞት እንዳተረፈ ሳስብ ልቤ ይሞቃል።

አባትዎ አይጀምሩ። በ71 ዓመት ደም ሥር እንደ ድሮው አይለጠጥም፤ ስለዚህ ያው ቅዝቃዜ እርስዎ ላይ ከሚያደርገው ይልቅ እርሳቸው ላይ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ስውር የልብ ደም ሥር መጥበብም በዚህ ዕድሜ ብርቅ አይደለም። እርጥብ ወለል ላይ ደንግጦ መንሸራተት ደግሞ በራሱ የዳሌ አጥንት ይሰብራል። ልጃቸው የሚያደርገውን ለማድረግ መነሣሣታቸው ግን ደስ ያሰኛል፤ ያን ጉጉት አያባክኑት። ቅዳሜ ጠዋት አብረዋቸው ይራመዱ፣ ከዚያም ፍል ውሃ ይውሰዷቸው። አዲስ አበባ እቴጌ ጣይቱ በወደዱት በዚያ ሙቅ ምንጭ ዙሪያ በእኛ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት። ለሙቀት ያለን ማስረጃም ከቅዝቃዜው የተሻለ ነው፤ በፊንላንድ 2,315 ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት በሳምንት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ሳውና የሚገቡት በድንገተኛ የልብ ሞት የሚሞቱት በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚገቡት ባነሰ ቁጥር እንደሆነ አግኝቷል። ፍል ውሃ ሳውና አይደለም፤ ጥናቱም ሙቀቱ ራሱ አዳናቸው አይልም። ለአባትዎ ግን ውሃው እጅግ የማያቃጥል ሆኖ አጭር ጊዜ ቢቆዩና ቀስ ብለው ቢነሡ ሳይደነግጡ ይታጠባሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የእርሳቸውንም ግፊት በእርስዎ መለኪያ ይለኩላቸውና ደብተሩ ላይ በሌላ ገጽ ይጻፉት።